ላስተማሩኝ አጎቴ ስል «አላስታውስም» ልበልን?

የኩታበር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ የሰው ስምም የቀበሌ ስምም አልጠቅስም፤ ነገሩን ግን ወደ ራሴ ሳላዘነብል ለመጻፍ እጥራለሁ፤ ምክር የሚጠይቅ ሰው ነገሩን ለራሱ በሚያመች መልክ ካቀረበው የሚያገኘው ምክርም የሚያመቸው ብቻ ይሆናልና።

የተወለድኩት በኩታበር ወረዳ ገጠር ነው፤ የምኖረውና የምሠራው ደሴ ከተማ ነው። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ለዚህ ያበቁኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። ደሴ ቤት ተከራይተውልኝ፣ ስንቅ እያስያዙ፣ ደብተርና ልብስ እያሟሉ አስተምረውኛል። እኔ ትምህርት ቤት ስውል የገዛ ልጆቻቸው ከብት ይጠብቁ ነበር። ይህን የማነሣው ውለታቸው እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አለመሆኑን እንድትረዱልኝ ነው።

አጎቴ የአንዲት ጎረቤታችንን መሬት ለብዙ ዓመታት በእኩል ሲያርሱ ኖረዋል። ሴትየዋ ባላቸው ሞተውባቸው፣ በሬም ጉልበትም አጥተው፣ አንዲት ልጃቸውም ዓረብ አገር ስትሄድ ከልጅ ልጃቸው ጋር የቀሩ ባልቴት ናቸው። መሬቱን ለአጎቴ ሲሰጡ ውሉን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ከመንደሩ አጥርቶ የሚጽፍ ተማሪ ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ምርቱ እኩል እንዲካፈል፣ ባለመሬቷ መሬታቸውን በፈለጉ ጊዜም አዝመራው ተነሥቶ እንዲመለስላቸው ይል ነበር። ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም። የፈረሙት እማኞች ሁለቱም አርፈዋል፤ ወረቀቱም የት እንደገባ አይታወቅም።

ልጃቸው ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሰች በኋላ እናትና ልጅ መሬታቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። አጎቴ ግን መሬቱ በስጦታ እንደተሰጣቸውና ባልቴቷንም ሲጦሩ እንደኖሩ ገልጸው ተከራከሩ። ነገሩ በጎረቤት ሽምግልና አልበርድ ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ባልቴቷም የውሉ ጸሐፊ ብለው ስለቆጠሩኝ የምስክርነት መጥሪያ ደርሶኛል።

ይህ ከተሰማ በኋላ ዘመድ ተሰበሰበ። አንዲት አክስቴ በሁሉ ፊት «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» አለችኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ባልቴቷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያኖች መሆናችንን አንሥቶ «ከወገንህ ይልቅ ለእነሱ ታደላለህ» ሲል በጣም ደነገጥኩ፤ በልጅነቴ የእነሱ ቤት ቤቴ ነበርና። ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን የአጎቴ ዝምታ ነው። ዋሽልኝ አላሉኝም፤ «አንተ ታውቃለህ» ብለው ብድግ አሉ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት መንገድ ተገኘ፤ «ስጦታ ነው አትበል፤ እኩል ነውም አትበል፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም በል» ተባልኩ።

እንዲህ ብል ውሸት ነው ወይስ ዝምታ? ደግሞስ እኔ ደሴ ነኝ፤ እናቴ ግን እዚያው መንደር ናት፤ የቅሬው (የዕድሩ) ዳኛም አጎቴ ናቸው። እውነቱን ተናግሬ ብመለስ የሚያኮርፈው ሁሉ የሚያኮርፈው እሷን ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ወይም የምታውቁ ምን ትመክሩኛላችሁ?


ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በሐሰት መስክር የሚልህ ሰው ወዳጅህ አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን የቀረበልህን መንገድ አትናቀው። «አላስታውስም» ማለት ማንንም አይከስም፣ የማንንም መብት አይነጥቅም። ፍርድ ቤቱ የራሱን ማጣራት ያድርግ፤ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ አለው፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችም መሬቱ የማን እንደነበረ ያውቃሉ። የመንደር ሁሉ እውነት ባንተ አንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ አይመስለኝም። አጎትህ ግን እንደ አባት ያሳደጉህ አንድ ሰው ናቸው፤ በፍርድ ቤት አደባባይ፣ በሰው ፊት፣ ያስተማሩት ልጅ ሲመሰክርባቸው የሚሰማቸውን ስብራት አስበው። አንዳንድ ጊዜ ከነገር ገለል ማለትም ሰላም መጠበቅ ነው ብዬ አምናለሁ።


የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

ጠያቂው ሊያውቁት የሚገባውን ባጭሩ ልግለጽ።

አንደኛ፣ የሚያስታውሱትን ነገር «አላስታውስም» ብሎ በመሐላ ማረጋገጥ ዝምታ አይደለም። ምስክር ከመናገሩ በፊት እውነቱን ለመናገር ይምላል፤ እያወቀ የሸሸገም ሆነ ያልሆነውን የተናገረ በሐሰት እንደመሰከረ ይቆጠራል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሐሰት መመስከርን በወንጀልነት ያስቀጣል። መጥሪያ የደረሰው ምስክርም እንደፈቀደው አይቀርም።

ሁለተኛ፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚህም የተነሣ በገጠር የሚደረገው መተላለፍ ሁሉ በእኩል፣ በኪራይ፣ በስጦታ ወይም በውርስ ስም ስለሚሆን የክርክሩ ፍሬ ነገር ብዙውን ጊዜ «የተሰጠው በምን ስም ነው?» የሚለው ይሆናል። ስጦታ በቃል ብቻ የሚጸና አይደለም፤ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይኖርበታል። ስለዚህ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ አስቀድመው ቢጠይቁ ነገሩ ካሰቡት በላይ ይጠራልዎታል። ከኮምቦልቻ የጻፉት ወንድማችን «ሌላ ማስረጃ አለ» ማለታቸው እዚህ ላይ ከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ማስረጃ መኖሩ የእርስዎን ቃል ከመሐላ አያወጣውም።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ የምስክር ሥራ መፍረድ አለመሆኑ ነው። መሬቱ ለማን ይገባል ተብለው አይጠየቁም፤ ቢጠየቁም መልስ የለዎትም። የሚጠየቁት በዚያ ዕለት ማን ምን እንዳለ፣ እርስዎም ምን እንደጻፉ ነው። አጎትዎ ባልቴቷን ሲጦሩ አይተው ከሆነ ይህንንም ይናገራሉ፤ እውነት ነውና። ብዙ ሰው ምስክርነትን ከአንዱ ወገን መሰለፍ አድርጎ ስለሚያየው ነው ዘመድ እንደከዳ የሚቆጠረው።


የሐይቅ ሽማግሌ

ልጄ፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ በተሁለደሬ በሽምግልና ብዙ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ የመሬት ነገር፣ የድንበር ነገር፣ የደም ነገርም ሳይቀር አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ውለታ ልንገርህ። ውለታ የሚከፈለው ከራስ ነው፤ ከሌላ ሰው ላይ ተወስዶ አይከፈልም። አጎትህ ያስተማሩህ በራሳቸው ላብ ነው፤ አንተም የምትመልሰው በራስህ ላብ መሆን አለበት። ደመወዝ አለህ፤ ከልጆቻቸው አንዱን ደሴ አምጥተህ ብታስተምር፣ ወይም ለመኸር ማዳበሪያ ብትገዛላቸው፣ ወይም ሌላ መሬት በእኩል እንዲያገኙ ብትሯሯጥላቸው ያ ክፍያ ነው። የባልቴቷን መሬት ቆርሰህ ብትሰጣቸው ግን የከፈለችው ባልቴቷ ናት፤ አንተ አሁንም ባለዕዳ ነህ። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለውን ስድብ የሚያመጡብህ ሰዎች ይህን እንዳታስብ ነው የሚፈልጉት፤ ክፋት አለባቸው አልልም፤ ወገን ሲጨንቀው የሚለው ነው።

ሁለተኛ፣ ያ ዘመድህ ያነሣው የሃይማኖት ነገር አሳስቦኛል። በወሎ አንድ ቅሬ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይቆማል፤ ቄሱና ሼሁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ አበጋር የምንለው የባህል አስታራቂ ደም ሲያደርቅ የገዳይም የሟችም ወገን ዱዓ ሲደረግ በአንድ ላይ እጁን ይዘረጋል። ይህ ሥርዓት የቆመው ሰው ሁሉ መልአክ ስለሆነ አይደለም፤ ሽማግሌ እውነቱን ሲጠይቅ ከየትኛውም ወገን የሚናገር ሰው ይገኛል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ክርስቲያን ለክርስቲያን፣ ሙስሊም ለሙስሊም ብቻ መመስከር ከጀመረ ሽምግልናም አይኖርም፣ ቅሬም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ አንተ የምትናገረው ነገር የአንድ ማሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያን ሰው ለብቻው አግኝተህ፣ ሳትቆጣ፣ እንዲህ ያለውን ንግግር ዳግም እንዳያነሣው ንገረው።

ሦስተኛ፣ አጎትህ እውነቱን ካንተ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት በፍርድ ቤት መሆን የለበትም። ከቀጠሮው በፊት ወደ ቤታቸው ሂድ፤ ብቻህን አትሂድ፤ የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። የምትናገረውን አስቀድመህ ንገራቸው። «አንተ ታውቃለህ» ያሉህ ነገር ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው ማስፈራራት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ የተጨነቀ ሽማግሌ ራሱ መናገር ያቃተውን ነገር ሌላ ሰው እንዲናገርለት መፈለጉ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ አታውቅም።


የወረኢሉ ሴት

እኔ የምጽፈው ስለ እናትዎ ነው፤ እስካሁን የጻፉት ወንድሞች ሁሉ ስለ አጎትና ስለ ፍርድ ቤት አነሡ እንጂ እሷን ያነሣት የለምና።

አባቴ በድንበር ክርክር ላይ በወንድሙ ልጅ ላይ እውነቱን መስክሯል። ትክክል ነበር፤ ዛሬም በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን የከተማ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ማንም አልሰደበንም። ማንም በር አልዘጋብንም። ደቦ ስንጠራ ግን ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ወንፈል የገባነውም ተራችን ሲደርስ ይዘገያል፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ልጅ ልኮ አይጠራንም። እናቴ ለሠርግ እንጀራ ልትጋግር ስትሄድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። አባቴ ወንድ ስለሆነ ገበያ ይወጣል፣ ከሩቅ ሰው ጋር ይውላል፤ ዝምታውን ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው እናቴ ናት። እውነቱን የተናገረው አባቴ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት፤ ማንም ግን አስቀድሞ አላማከራትም።

ይህን የምለው እንዲዋሹ አይደለም። ከኮምቦልቻ የተሰጠውን ምክርም አልቀበልም፤ «አላስታውስም» ቢሉ ባልቴቷና ልጃቸውም በዚያው መንደር የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፤ የእነሱም ዝምታ አለ። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ምን ይዛ እንደምትመለስና ምን እንደምትመኝ እኔ አውቃለሁ፤ የወጣነው ብዙ ነን። የሰው ቤት ሲያጥቡ ከርሞ የሚታሰበው አንድ ነገር «የእናቴ መሬት አለ» የሚለው ነው። ያ መሬት በአንድ «አላስታውስም» ሲሄድ ማየት በቤተሰብ ውስጥ ያለ ሽንገላ ብቻ አይደለም።

የምለው ይህ ነው። ከአጎትዎ ቤት በፊት እናትዎ ቤት ይሂዱ። ቁጭ ብለው ሁሉንም ይንገሯት። ውሉ ሲጻፍ እሷ እዚያ አልነበረችምን? ብዙ ጊዜ እናቶች ሁሉን ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው ዝም የሚሉት። «እኔ እውነቱን ልናገር ነው፤ አንቺ ትችይዋለሽ ወይ?» ብለው ይጠይቋት። አልችልም ብትል እንኳ ለጥቂት ወራት ደሴ አምጥተው ከእርስዎ ጋር ብታርፍ፣ ወይም ቅሬዋን የሚከፍልላትና የሚጠይቃት አንድ የታመነ ዘመድ ቢያዘጋጁላት መንገድ አለ። እውነት የሚናገር ሰው በእውነቱ ምክንያት የሚጎዳውን ሌላ ሰው አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ አለዚያ ጀግንነቱ የራሱ፣ ሸክሙ የሌላው ይሆናል።


የታሪክ መምህር

ከኮምቦልቻ የተሰነዘረው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን ነው የጻፉት። ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስላቸው እፈልጋለሁ፤ የማመጣውም የወሎን ታሪክ ነው።

ወሎ መሸሸግን የሚያውቅ አገር ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዝዘው ነበር። የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ትእዛዙን አንቀበልም ብለው ተነሡ። ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ግን ቀን በሰው ፊት ክርስቲያን፣ ሌሊት በቤቱ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ብዙ ሕዝብ ነበር። እኔ እነዚያን ሰዎች ሐሰተኞች ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። ሰይፍ ተይዞባቸው የሸሸጉት የራሳቸውን ልብ ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት አልነበረም፤ በመሸሸጋቸውም የተጎዳ ጎረቤት የለም። ሰው በኃይል ሲገደድ እምነቱን በልቡ ይዞ ዝም ማለቱና ነፃ ሆኖ ተጠይቆ የሌላውን መብት መሸሸጉ አንድ አይደለም። ጠያቂው ቢሸሽጉ የሚሸሽጉት የራሳቸውን አይደለም፤ አንድ ወረቀት ጠፍቷል፤ ሁለት እማኞች ሞተዋል፤ የተረፈው የባልቴቷ ማስረጃ በእርሳቸው ውስጥ የሚገኘው ብቻ ነው። እርሳቸው የባልቴቷ ባለአደራ ናቸው።

ሁለተኛውን ዓይነት መሸሸግም እናውቀዋለን። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሰው በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ እንዳይሰማ ተደርጎ ነበር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማው። እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በአንድ ሰው ውሸት አይሸፈንም። ለአለቃው የማያስደስት ወሬ ላለመንገር የፈለገ ሰው፣ የአገር ስም እንዳይጠፋ ያሰበ ሰው፣ «እኔን ምን አገባኝ» ያለ ሰው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ዝም ሲል ነው። ከእነዚህ አንዱም ራሱን ገዳይ አድርጎ አያስብም ነበር፤ ሁሉም ከነገር ገለል ያለ ይመስለዋል። እውነቱን ያወጡት ሰዎችም በዚያ ቅጽበት አገራቸውን ያዋረዱ ተብለው ሊታዩ ይችሉ ነበር፤ ቤተሰብን እንደማዋረድ ማለት ነው።

ስለዚህ ከኮምቦልቻ ለጻፉት ወንድሜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ሌላው ይመስክር» የሚለው ምክር ለሁሉም ምስክር ቢሰጥ መጨረሻው ምን ይሆናል? እርስዎ የተማመኑባቸው የአካባቢው ሽማግሌዎችም እያንዳንዳቸው አጎት አላቸው፣ ቅሬ አላቸው፣ ውለታ አለባቸው።


ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ስጽፍ ያሰብኩት አጎታቸውን ነበር፤ ባልቴቷን እንደ ሦስተኛ ወገን አድርጌ ነው ያየኋቸው። የወረኢሏ እህቴ ከጻፉት በኋላ ግን እንደዚያ ማየት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ አሁንም አጥብቄ እይዛለሁ፤ እውነቱ አጎታቸውን በአደባባይ በማዋረድ መልክ መነገር የለበትም። ሽማግሌው ያሉት፣ አስቀድሞ ቤታቸው መሄድ፣ ለእኔ ከሁሉ የተሻለ ምክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።


የኩታበር ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴን ሄጄ አነጋገርኳት። የወረኢሏ እህቴ እንዳሉት ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ውሉ የተጻፈው በእኛ ቤት፣ ቡናውን ያፈላችውም እሷ ናት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ልጄን ከወንድሜ ላጣላ ብዬ?» አለችኝ። ስለ ራሷ ኑሮ ስጠይቃት ደግሞ፣ ከባልቴቷ ጋር ለዓመታት ውኃ አብረው ቀድተው፣ ልጅ አብረው አሳድገው፣ አሁን በመንገድ ሲገናኙ ዓይኗን እንደምትሰብር ነገረችኝ። የዘመድ ኩርፊያ ከዚህ አይብስም አለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ጥርጣሬ አልቀረኝም።

የይዞታ ደብተሩ አሁንም በባልቴቷ ስም መሆኑንም አረጋግጫለሁ፤ ስጦታ ተብሎ የተመዘገበ ነገር የለም። በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አጎቴ የሚያከብሯቸውን አንድ ቄስ ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። የምለውንም ለራሴ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ የጻፍኩትን ውል እንደጻፍኩት እንደምናገር፣ ባልቴቷን በክፉ ዓመት በእህል እንደረዷቸው ያየሁትንም እንደምናገር፣ ከፍርዱ በፊት ግን መታረቅ ከፈለጉ ከጎናቸው እንደምቆም እነግራቸዋለሁ። ታናሽ ልጃቸውንም ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደሴ እኔ ዘንድ አስቀምጬ ላስተምር ወስኛለሁ፤ ይህ ግን ከምስክርነቱ ጋር የተያያዘ መደለያ እንዳይመስል እሑድ አላነሣውም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከባልቴቷና ከልጃቸው ጋርስ አስቀድሜ ልነጋገር? ደግሞ አጎቴ እሺ ቢሉ እርቁ በምን መልክ ይሁን?


የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

ከባልቴቷ ወገን ጋር ስለሚሰጡት ቃል አስቀድመው አይነጋገሩ። የቆጠሩዎት እነሱ ስለሆኑ ተማክራችሁ እንደመጣችሁ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ እርስዎም ለአጎትዎ «ከማንም ጋር አልተማከርኩም» ማለት መቻል አለብዎት። ዘመዶችዎ የሚያስፈራሩዎት ከሆነ ለችሎቱ ማመልከት ይችላሉ።

እርቅ በማንኛውም ጊዜ ከፍርድ በፊት ይቻላል። ተከራካሪዎቹ የተስማሙበት በጽሑፍ ሆኖ ተፈርሞ ለፍርድ ቤቱ ሲቀርብና ሕግን የማይቃረን ሆኖ ሲገኝ ይመዘገባል፤ መዝገቡም በዚያው ይዘጋል። ያኔ የእርስዎ ምስክርነት ላያስፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ምስክርነት ለመሸሽ ብለው አይደራደሩ።


የሐይቅ ሽማግሌ

ልጄ፣ በአካሄድህ ደስ ብሎኛል። በእርቁ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። አጎትህ እሺ ካሉ ወደ ባልቴቷ ቤት የሚሄዱት ሽማግሌዎች ከሁለቱም ሃይማኖት ይሁኑ፤ ቄሱ ብቻቸውን አይሂዱ፤ ሼህም ይጨመሩ። አጎትህ የረዷቸው እህልም በእርቁ ቃል ውስጥ ይነሣ፤ ሰውየው ከመሬቱ ጋር ክብራቸውንም ያጡ አይምሰላቸው።

መሬት ላይ አሁን ያለው አዝመራ የአጎትህ ዘርና ድካም ስለሆነ በውሉ መሠረት እኩል ይካፈሉት፤ መሬቱም አዝመራው እንደተነሣ፣ የበልግ ዘር ሳይገባ ለባለቤቷ ይመለስ። ልጅቱ በሬ ከሌላት ለመጀመሪያው ወቅት ማን እንደሚያርስላትም በዚያው ዕለት ተነጋገሩ፤ አጎትህ ራሳቸው በአዲስ ውል ሊያርሱ ከፈለጉና እሷም ከተስማማች ጊዜው ተወስኖ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በባልቴቷ እጅ፣ አንዱ በአጎትህ እጅ ይሁን፤ ውሉንም ወስዳችሁ በወረዳው መሬት አስተዳደር አስመዝግቡት።